የማናምንበትን መጽሐፍ ስለምን እናነባለን?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከዩኒቨርሲቲ ተማሪነታችን ጀምሮ፣ ዛሬም ታክሲያችንን አቁመን ተራ ስንጠብቅ፣ ስለ አስማትና ጥንቆላ የተጻፈ እናነባለን። አናምንበትም፤ ግን እናነባለን።

ዐውደ ነገሥትን እንመልከት። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ይገደፋሉ፤ የተረፈው ኮከቡን ያሳያል። ታዲያ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ዕጣ በ12 ክፍል ያልቃል ማለት ነው? አንድ ኮከብ የደረሳቸው ሁሉ እኩል አይታመሙም፣ እኩልም አይከብሩም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ አይቃጠል። የብራና ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀው ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነበር። ወላጆቻችን ምን ይፈሩ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዱ የዘገየበት፣ ሕመም የጠናበት ወገናችን ገንዘቡን ለጠንቋይ አይላክ፤ ወደ ማኅበሩ ይምጣ። ክታቡን ግን ለልጆቻችን እናቆይ፤ እያነበቡ ይጠይቁ።