የድብድብ ጨዋታዎች የሳንቲም አዳራሹን ስለ መተዋቸው



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለልጆች መዝናኛ ተብሎ የሚናቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ሥራ ገቢ የሚገኝበት መንገድ የሥራውን መልክ እንዴት እንደሚወስነው ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

የጃፓኑ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2»ን ያወጣው አርኬድ ለሚባለው፣ ሳንቲም እየከተቱ ለሚጫወቱበት አዳራሽ ነበር። በዚያ ሥርዓት አሸናፊው ከመሣሪያው ፊት ሳይነሣ ይቆያል፤ ተሸናፊው ወይ ሌላ ሳንቲም ይጨምራል፣ ወይ ለተረኛው ይለቃል። ባለአዳራሹ የሚጠቀመው ግጥሚያው ቶሎ ሲያልቅ ነውና፣ በየዙሩ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት የጥበብ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ጉዳይ ነበር።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ስለምን ተተወ? አንደኛ፣ የቤቱ መሣሪያ በጉልበት የአዳራሹን ደረሰበት። የናምኮ «ሶልካሊበር» በ1998 ለአዳራሽ ሲወጣ ይሠራ የነበረው በፕሌይስቴሽን ላይ በተመሠረተ መሣሪያ ነው። በማግሥቱ ዓመት ለሴጋ ድሪምካስት የተዘጋጀው ቅጂ በሥዕሉ ጥራት ከአዳራሹ በለጠ። ከቤቱ ያነሰ ነገር ለማየት ማን ሳንቲም ይዞ ይወጣል? ሦስተኛው ክፍል በ2005 በቅድሚያ ለቤት ወጣ፤ አራተኛው በ2008 አዳራሽ አልደረሰም። አሜሪካዊው ሚድዌይም በ2001 የአዳራሽ ሥራውን ስለ ዘጋ፣ የ2002ቱ «ሞርታል ኮምባት» በቀጥታ ወደ ቤት ገባ። ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ደግሞ ቶሎ እንዳይሰለች ረጅም ታሪክና ተፈልጎ የሚገኝ የተሰወረ ነገር ይሻል።

ይሁን እንጂ አዳራሹ መፈተኛም ነበር። «ተከን 7» በ2015 በጃፓን አዳራሾች ከወጣ በኋላ ወደ ቤት የገባው በ2017 ነው፤ በመካከሉም ተሻሽሏል። «ተከን 8» ግን በ2024 በቀጥታ ለቤት ተሸጠ። ዛሬ ጉድለት በኢንተርኔት ይታረማል ይባላል፤ እውነትም ነው። ሆኖም ባለሳንቲሙ ጨዋታው ሲጎድልበት ኪሱን ዘግቶ መሄድ ይችል ነበር፤ የዛሬው ገዢ ግን ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ እርማቱን ይጠብቃል።

«ስትሪት ፋይተር 5» በ2016 አዳራሹን ዘልሎ ሲወጣ፣ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተለመደው፣ «አርኬድ» የሚባለው የጨዋታ ዓይነት እንኳ አልነበረበትም። ገዢዎቹ አጥብቀው አጉረመረሙ፤ የተጨመረላቸውም በ2018 ነበር።