በቤት ውስጥ የቡሎንና የዳዶ አያያዝ



በየቤታችን ቡሎን፥ ዳዶ፥ ሮንዴላና ምስማር በአንድ ጣሳ ተደባልቆ ይቀመጣል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ አንድ ቀን ከዚያው ጣሳ ያነሣሁትን ዳዶ በኪያቤ አስገድጄ የልጄን ብስክሌት ጐማ አሠርሁ። በማግሥቱ ጐማው ወልቆ ልጁ ወደቀ።

ስሕተቱ የጥርስ ነበር። የ8 ሚሊሜትር ቡሎንና የ5/16 ኢንች ቡሎን ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ የኋለኛው ውፍረት 7.94 ሚሊሜትር ነውና። ነገር ግን በፊተኛው ጥርስ ከጥርስ የሚራራቀው እንደ ልማዱ 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባቀረበው የኢንች ሥርዓት 1.41 ሚሊሜትር ያህል ነው። በግድ ቢጋጠሙ ጥርሳቸው ይበላል።

ስለዚህ አስቀድሞ በጥርስ፥ ቀጥሎ በውፍረት መለየት ይገባል። ቡሎኑ ከዝገት ከተጠረገ በኋላ ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ከዞረ የራሱ ነው፤ ጥቂት ዞሮ ከያዘ አይደለም። ለየመጠኑ አንድ ጣሳ ይዘጋጅ፤ ናሙናውም በውጭ ይታሰርበት። ጥርሱ የተበላው ወደ ጣሳ አይመለስ።

የመጋዘን ኀላፊዎችም ይህንኑ ቢያደርጉ የመንግሥት ገንዘብና የሰው አካል ከጉዳት ይድናሉ።