የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ
(በመካነ ኢየሱስ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በእስቴም ሆነ በጋይንት፣ በስማዳም ቢሆን፣ ለበዓል ነጠላና ጋቢ የምታጥብ እናት እንዶድን ታውቀዋለች። ፍሬውን ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ በአረፋው ታጥብበታለች። ይህ የቤት ዕውቀት ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አስተዋይነት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የተውሳክ ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። የበሽታው ተውሳክ ከሰው ወጥቶ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ ከዚያም ቆዳ ሰርስሮ ወደ ሰው ይመለሳል። ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አገኙ። በሕይወት ባሉትም ላይ የእንዶዱ አረፋ ቢጨመርባቸው ሞቱ። ብዙዎች አይተው ያለፉትን እርሳቸው ቆመው ጠየቁት።

በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች እንዶድ ተሞከረ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ከቀንድ አውጣ ገዳዮቹ የእንዶድ ቅመሞች አንዱም «ለማቶክሲን» ተባለ።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ የመዘግየቱ ዕዳ ግን የወደቀው በወንዝ ዳር በሚጫወቱ ሕፃናት ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉና «ዓይነት 44» የተባለውን ብርቱ የእንዶድ ዝርያ የመረጡት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ጸኑ። በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ስለዚህ ገበሬው ወይም ልብስ አጣቢዋ ሲናገሩ፣ ባለሙያ ሳይንቅና በጭፍን ሳይቀበል ያዳምጥ፤ ያዳመጠውንም ይመርምር። ዶክተር አክሊሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።