ሱስ የየቲሙን አደራ እንዳይበላ
(ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ የቲም ድጋፍ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ልብስን፣ ቀለብንና ደብተርን ነው። ዛሬ የምናገረው እነዚህን ሁሉ ስለሚያፈርሰው ነገር፣ ማለትም ስለ ትምባሆ፣ ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ነው። ሱስ የቲሙን በሦስት በር ይገባበታል። ወላጁን ያለ ዕድሜው ይቀጥፍበታል፤ በአሳዳጊው እጅ ያለውን ቀለቡን ይበላበታል፤ በመጨረሻም እርሱን ራሱን ያጠምደዋል።

ትምባሆና ሺሻ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። ከእነዚህ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ያህሉ ራሳቸው የማያጨሱ፣ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው። በጢሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ 70 ያህሉም ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ኒኮቲኑ ሱሱን ይተክላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። የሳንባ ካንሰር፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ከዚህ ይመጣሉ።

«ከልጆቹ ፊት አላጨስም፤ ጓዳ ገብቼ ነው» የሚል አሳዳጊ ይኖራል። ጢስ ግን መጋረጃ አያግደውም። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ሕፃን ለአስም፣ ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም የበለጠ ይጋለጣል። ሺሻም በውሃ ስለሚያልፍ ይጣራል ማለት ስሕተት ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም። ለአንድ ሰዓት ሺሻ የሳበ ሰው የሚያስገባው የጢስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ጫትና መጠጥ

ጫትን ብዙዎቻችን እንደ ባህል፣ አንዳንዶቻችንም ለዱዓ ማበርቻ አድርገን ስለያዝነው ጉዳቱን መናገር ይከብደናል። ሆኖም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይነሣል፤ ሆድን ያደርቃል። ነፍሰ ጡር እናት ስትቅመውም ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድብርት ደግሞ ብዙ ወጣቶችን ወደ «ጨብሲ» ይወስዳል። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ልጅ በዚህ መንገድ ጠጪ ይሆናል።

አላህ መጠጥን የከለከለው በደረጃ ነበር። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሰላት መቅረብን ከለከለ፤ በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳ ፈጽሞ እንዲርቁት አዘዘ። የዛሬው ሕክምናም መጠጥ ጉበትን እንደሚያበላሽና ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋግጣል። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በመጠጥ ምክንያት ሞተዋል።

ጠያቂ አጥተው ጎዳና የወጡ ልጆች ደግሞ ረሃብንና ብርድን ለመርሳት ማስቲሽና ቤንዚን ያሸታሉ። ይህ አእምሮን ይጎዳል፤ ልብንም በድንገት ሊያቆም ይችላል። እኛ ያልደረስንለትን ልጅ ማስቲሹ ይደርስለታል ማለት ነው።

አደራው

በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው በዓመት 7,300 ሲጋራ ያቃጥላል። ዋጋውን እያንዳንዳችሁ አስሉት፤ የስንት ልጅ ደብተርና ጫማ እንደሚሆንም አብራችሁ አስሉ። ለየቲሙ ከተሰጠው ብር ላይ ለሲጋራ ወይም ለጫት የሚነሣ ካለ ጉዳዩ ከጤናም ያልፋል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ በሱረቱ ኒሳእ ተነግሯል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ልጅን ሲጋራ ወይም ጫት ግዛ ብላችሁ አትላኩ። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆም ሆነ መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ፣ ለጋሾች ልጁ በልቶና ለብሶ መዋሉን ብቻ ሳይሆን ከትምህርት በኋላ የት እንደሚውልና ከማን ጋር እንደሚሆን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ በሱስ የተያዘውን ወጣት አታሸማቅቁት፤ የተሸማቀቀ ሰው ይደበቃል እንጂ አይድንም። ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊገጥመው ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ማቆም ይቻላል። ሲጋራ ያቆመ ሰው በ12 ሰዓት ውስጥ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛ መጠን ይወርዳል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከማጨሱ የመጣው የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ይቀንሳል። ሐራራው ይመጣል፤ በሰብርና በሰው ድጋፍ ግን ያልፋል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በሱስ የተያዙትን ይፈውስልን፤ የተቀበልነውንም አደራ የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።