አሮጌው አልጋ ምን ተቀብቷል?

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ አሮጌ የዋንዛ አልጋ ለልጅ ማደስ ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ዋንዛ መቼም አይታማም። የሚያጠራጥረው ቀለሙ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም፣ በተለይ ቢጫና ቀይ፣ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በማየትም በማሽተትም አይለይም። በአገራችን የቀለም ሊድ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ቁጥር 429 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን ማን መረመረው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ትንሽ ልጅ ከዋጠው ሊድ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ አቧራው ነው ጉዳቱ። የተቀባ የእንጨት ስብርባሪም ምጣድ ሥር አታንድዱ። የቀለሙ ነገር ካልታወቀ አልጋውን ለልጅ አትስጡ፤ ያልተቀባ እንጨት ፈልጉ።