ያለ ፍርድ የምትሄድ ጭብጦ አትኑር

በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ለኑሮ የሚጠቅም አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ የመረጥሁት ርእስ፣ በኢንተርኔት ገዝተን ገንዘቡን ከከፈልን በኋላ ሳይደርሰን ስለሚቀር ዕቃ ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበርሁ፣ ዛሬ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ። የምነግራችሁም አንብቤ ያረጋገጥሁትንና በራሴ ጉዳይ ዳኛ ፊት ቆሜ ያየሁትን ነው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ሰው ቁርስ እንኳ የማትበቃ ቂጣ ናት። ሆኖም በቅሎዋ የሄደችው ሁለቱም ወገን ተሰምቶ፣ ዳኛ ፈርዶ ስለሆነ ባለቤቷ ያድራል፤ ጭብጦዋ ግን በማታለል ስለተወሰደች እንቅልፍ ትነሳለች። ለትንሽ ነገር ዳኛ ፊት መቆም በአገራችን ነውር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ፣ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር እዚያው በአጥቢያው ሰምቶ ይፈርድ ነበር።

እነሆ በቴክሳስም የዚያ የአጥቢያ ዳኛ አምሳያ አለ። ስሙ ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ፣ በእኛ አነጋገር የሰላም ዳኛ ነው። በሕዝብ ድምፅ ለ4 ዓመት የሚመረጥ ሲሆን፣ የግድ በሕግ የተመረቀ መሆን የለበትም። ስሞል ክሌምስ ኮርት ይባል የነበረው ችሎት እ.ኤ.አ. በ2013 በስሙ ቀርቶ ሥራው ከዚሁ ዳኛ ችሎት ጋር ተጠቃሏል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ጉዳይ ይመለከታል። ያለ ጠበቃ መከራከር ይቻላል። የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ጥብቅ የማስረጃ ደንብ በአብዛኛው አይሠራበትም፤ ዳኛው ራሱ ሁለቱን ወገን እየጠየቀ እውነቱን እንዲያወጣ ደንቡ ይፈቅድለታል።

ታዲያ ለምን አንሄድም? ከብዙ ሰው የምሰማው መልስ ሦስት ነው። አንዱ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ይላል። ሁለተኛው «ፍርድ ቤት ስሜ እንዲጠራ አልፈልግም» ይላል። ሦስተኛው «ለ200 ዶላር ብዬ ነው?» ይላል። ለመጀመሪያው፣ አስተርጓሚ እንዲመደብ ፍርድ ቤቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ለሁለተኛው፣ ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ከሳሽ ሆኖ መቅረብ ማንንም ወንጀለኛ አያሰኝም። ሦስተኛውን በጭብጦዋ መልሼዋለሁ። ዕቃ ሳይልክ ገንዘብ የሚበላ ሰው የሚኖረው ሁላችንም «ለዚህች ብዬ ነው?» ስለምንል ነው።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው በር አይደለም። ከዚያ በፊት ሌሎች በሮች አሉ።

አንደኛ፣ የፌዴራሉ ደንብ። ከ1975 ጀምሮ በፖስታ ለሚታዘዝ ዕቃ የወጣው፣ ኋላም ስልክና ኢንተርኔትን እንዲጨምር የተሻሻለው ደንብ፣ ነጋዴ በተናገረው ጊዜ ውስጥ፣ ጊዜ ካልተናገረም በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን መላክ አለበት ይላል። ካልቻለ ደንበኛውን ማስፈቀድ ወይም ገንዘቡን መመለስ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ የክሬዲት ካርድ ኩባንያው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ያልደረሰ ዕቃ ሒሳብ የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ኩባንያውም ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ሕግ የሚሠራው ለክሬዲት ካርድ እንጂ ለዴቢት ካርድ አይደለም። በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የተላከ ገንዘብማ ከእጅ እንደወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለማናውቀው ሻጭ በክሬዲት ካርድ መክፈል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ምን እንደተገዛ፣ መቼ ስንት እንደተከፈለ፣ እስከ መቼ እንዲመለስ እንደምንፈልግና ካልተመለሰ እንደምንከስ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ መድረሱ በሚረጋገጥ ፖስታ መላክ ነው። አያሌ ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል።

እነዚህ በሮች ሲዘጉ ክስ ይከተላል። በእኔ ላይ የደረሰውን እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ለታክሲዬ ያገለገለ ካምቢዮ በኢንተርኔት ከአንድ የመለዋወጫ ሻጭ በ1,350 ዶላር ገዛሁ። መኪናው ቆሟል፤ መኪና ሲቆም ደግሞ የእኛ ቤት እንጀራ ይቆማል። ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ለካርድ ኩባንያዬ አመለከትሁ። ሻጩ ግን «ሮውሌት ደርሷል» የሚል የመላኪያ ቁጥር ስላቀረበ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ። ይህ የታወቀ ተንኮል ነው፤ በዚያው ከተማ ወዳለ ሌላ አድራሻ ባዶ ፖስታ ይላክና «ደርሷል» የሚል ወረቀት ይገኛል።

ክሱን አቀረብሁ። የክስ ማቅረቢያው ከ2022 ጀምሮ 54 ዶላር ነው፤ መጥሪያ ለማድረስ የሚከፈለው ለብቻው ነው። መክፈል የማይችል ሰው አለመቻሉን በመሐላ ቃል ጽፎ ማቅረብ ይችላል። መጥሪያውን ከሳሽ ራሱ አያደርስም፤ ኮንስታብል ወይም ሌላ የተፈቀደለት ሰው ነው የሚያደርሰው። ተከሳሹ መጥሪያው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ከሳሽ በሌለበት እንዲፈረድለት መጠየቅ ይችላል። የእኔ ባለጋራ ግን ቀረበ። የመላኪያ ወረቀቱንም ለዳኛው አሳየ።

እኔም ያንኑ የመላኪያ ቁጥር መዝገብ አትሜ ይዤ ነበር። በመዝገቡ ላይ የጥቅሉ ክብደት ከ1 ፓውንድ በታች ተብሎ ተጽፏል። ካምቢዮ ደግሞ ከ100 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ዳኛው ወረቀቱን አይቶ ሻጩን «ይህን ያህል ብረት በዚህ ፖስታ እንዴት ገባ?» ብሎ ጠየቀው። መልስ አልነበረውም። ገንዘቤና የክሱ ወጪ እንዲመለስ ተፈረደ። ረጅም ንግግር አላደረግሁም፤ የተናገረችልኝ አንዲት ወረቀት ናት። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማስታወቂያውን፣ ደረሰኙን፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ከስልክ ላይ ከመጥፋቱ በፊት አትማችሁ አስቀምጡ። ለዳኛው፣ ለተከሳሹና ለራሳችሁ ሦስት ቅጂ ያዙ።

ከክሱ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው ማንን እንደምንከስ ነው። በድረ ገጽ ላይ ያለ የሱቅ ስም የባለቤቱ ስም ላይሆን ይችላል። በቴክሳስ የተመዘገበ ኩባንያ ከሆነ፣ ትክክለኛ ስሙና መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪሉ ከስቴቱ መንግሥት መዝገብ ይገኛል። ሁለተኛው የት እንደምንከስ ነው። ተከሳሹ በሚኖርበት ካውንቲና ቀበሌ፣ ወይም ውሉ ሊፈጸም በነበረበት ቦታ መክሰስ ይቻላል። ከተማችን ሮውሌት በዳላስና በሮክዎል ካውንቲዎች ላይ ያረፈች ስለሆነ፣ ቤታችን በየትኛው በኩል እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

እውነቱን ለመናገር ፍርድ ቤት ሁሉን አይፈታም። አድራሻ የሌለውን፣ ስሙ የማይታወቀውን ሰው ዳኛ ፈልጎ አያመጣልንም። ሻጩ ከባሕር ማዶ ከሆነ ተስፋችን የካርድ ኩባንያው ነው። ከሌላ ስቴት ከሆነም፣ የእኛ ዳኛ በእሱ ላይ ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ቢፈረድልንም ተሸናፊው በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ገንዘቡንም ፍርድ ቤቱ ሰብስቦ አይሰጠንም። በቴክሳስ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ደመወዝ አይያዝም፤ የመኖሪያ ቤትም የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ፍርዱን ካውንቲው ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ ሌላ መሬቱንና ሕንፃውን በዕዳ ማስያዝ፣ ወይም ኮንስታብል ንብረቱን እንዲይዝ ማዘዣ ማውጣት ይቻላል። ፍርዱ ለ10 ዓመት የጸና ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ያህል ዘመን ስሙ በመዝገብ ላይ እንዲቆይ አይወድም። የእኔው ሻጭም የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ ነው ቼኩን የላከው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባለፉት አሥር ዓመታት በኀዘንና በደስታ ተሰባስበናል። እንግዲህ በወር አንድ ቅዳሜ፣ እንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆቻችን ከእናቶችና ከአባቶች ጎን ተቀምጠው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚጽፉበት አንድ ጠረጴዛ እናዘጋጅ። ወጪው ወረቀትና ቴምብር ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አንዲት እናት፣ ለልጅ ልጇ ልደት ያዘዘችው የ60 ዶላር ልብስ ሳይመጣ ቀርቶባት «ይቅር» ብላ የተወችውን ገንዘብ መልሳ ታገኛለች። ባታገኝ እንኳ፣ በዚህ አገር እሷም ጠያቂ መሆን እንደምትችል ታውቃለች።