ከሚገፋው ይልቅ የሚያቆመው፦ በአሮጌ የስፖርት መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ስለመግጠም

ለማስረጃ የምጠራት መኪና ከ1968 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኮቨንትሪ የተሠራችው ባለስድስት ሲሊንደሯ ትራያምፍ ቲአር6 ናት። የመረጥኳት ያለምክንያት አይደለም። ለአሜሪካ ገበያ የተላከችው በሁለት ካርቡሬተር ስለምትሠራ ቤንዚኗን የሚስበው ከሞተሩ ጎን ያለ፣ ካም ሻፍቱ የሚያንቀሳቅሰው ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራችው ግን ባለኢንጀክሽን ስለነበረች ፋብሪካው ራሱ ከኋላዋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጥሞላታል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለቅርስ መኪና ባዕድ ነው የሚሉ ወገኖች ታሪክ አይደግፋቸውም። ጃጓር ኢ-ታይፕ በ1961፣ ኤምጂቢ በ1962 ለገበያ ሲቀርቡ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበራቸው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ሜካኒካሉን ፓምፕ ስንፈታ አንድ ጥበቃም አብረን እንፈታለን፤ ያንን ጥበቃ በሌላ መንገድ ሳንመልስ ሥራው አለቀ ማለት አይገባም።

የመቀየሩ ምክንያት እውነተኛ ነው። ሜካኒካሉ ፓምፕ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ሆኖ ነዳጁን ከሩቅ ታንክ ይስባል። ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ የቀነሰ ቤንዚን ደግሞ በአነስተኛ ሙቀት ይተንናል፤ ፓምፑም ፈሳሹን ትቶ እንፋሎት ያንገላታል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል በሚያንስበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ችግሩ ይበልጥ ይበረታል። በታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎና ከጭስ ማውጫው ርቆ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ነዳጁን ከመሳብ ይልቅ ይገፋዋል። ይኸው ፓምፕ ኮፈኑ ሥር ከተገጠመ ግን የተደከመለት ጥቅም አብዛኛው ይቀራል።

አሁን ወደ ጥበቃው ልምጣ። ሜካኒካሉ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም ይቆማል፤ ማንም ሳያዘው። የኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ይሠራል። መኪናዋ ተጋጭታ ሞተሩ ቢጠፋና ቱቦው ቢበጠስ፣ ፓምፑ በጋለ ብረት ላይ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። «ሾፌሩ ቁልፉን ይዘጋዋል» ይባላል፤ ነገር ግን ያ ሾፌር ራሱን ስቶ ወይም እጁ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። «ፊውዝ አለ» የሚለው መልስ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰውን ያለ ምክንያት ያረጋጋል። ፊውዝ የሚቃጠለው ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው፤ ቤንዚን መሬት ላይ የሚያፈስ ፓምፕ ግን ከወትሮው የበለጠ አይወስድም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ኤምጂቢ ያለ ምንም ማቋረጫ ለዓመታት ተነድታለች የሚለው ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቦሽ መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ኤል-ጄትሮኒክ የተባለውን የነዳጅ ኢንጀክሽን ሥርዓት ሲሠሩ አየር ወደ ሞተሩ መግባቱን ሲያቆም ፓምፑን የሚያጠፋ መገናኛ አስገቡበት። አደጋው የፈሪ ሰው ምናብ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይደክሙም ነበር።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፓምፑ በራሱ ፊውዝና ሪሌይ ይሠራል፤ ሪሌዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው በሞተር ዘይት ግፊት የሚሠራ ማብሪያ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ በግጭት ጊዜ የሚያቋርጥ ማብሪያ ይጨመራል። የዘይቱ ማብሪያ ቢበላሽ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች የሚለውን ስጋት እቀበላለሁ፤ ቆሞ መቅረትና መቃጠል ግን እኩል አይመዘኑም። ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ገና ግፊት ስለማይኖረው፣ ለዚያች ቅጽበት ፓምፑ ከሞተሪኖው መስመር ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ይደረጋል።

የግፊቱ መጠንም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው። ባለኢንጀክሽኗ ቲአር6 ወደ 100 ፒኤስአይ ትጠይቃለች፤ ባለካርቡሬተሯ ግን 3 ያህል ይበቃታል። ኃይል ይጨምራል ተብሎ ብርቱ ፓምፕ ቢገጠም የካርቡሬተሩ መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ በዚህች ሞተር ላይ ደግሞ ካርቡሬተሮቹ ያሉት ከጭስ ማውጫው ወገን ነው። ስለዚህ ልኩ የታወቀ ፓምፕ፣ አለዚያም የግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል። አሮጌውን ፓምፕ ለመልክ ብሎ በመስመሩ ላይ መተውም አይገባም፤ ዲያፍራሙ ቢቀደድ አዲሱ ፓምፕ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ዘይት ይገፋዋልና። ይፈታ፤ ቀዳዳው በጠፍጣፋ ብረትና በጋስኬት ይዘጋ፤ ፓምፑም መኪናዋን ወደ ጥንት ሁኔታዋ መመለስ ለሚሻ ባለቤት ተጠቅልሎ ይቀመጥ።